ልጄ መድኃኒቱን ጨርሶ እንዲመጣ ላዘዘው እድራችን

ለተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ጉልላት
ኮልፌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ደህና መሆንዎን የሐኪም ወረቀት ሳልጠይቅ አምናለሁ፤ በዚህ ረገድ እንደ ኮሚቴዎ ጥንቁቅ አይደለሁም። ደብዳቤውን በእድሩ እቃ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት የዋላችሁልንን ውለታ አባላት ሁሉ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ልጄ ደግፌ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ይዞት ስድስት ዓመት ከሰው ተለይቶ ኖሯል። ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ከሰው ጋር መዋልና መጫወት ቻለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮም እቃ ቤቱን ይዞ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ሲያወጣና ሲያስገባ አንዲት ትሪ እንኳ አልጎደለችም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ወር በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ኪኒኑን ሲውጥ አንድ አባል ስላየው፣ በማግስቱ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ስለተቀበሉት አመሰግናለሁ። በዚያው ድንኳን እርስዎ የደም ግፊት ኪኒንዎን ሲውጡ ውሃ ያቀበለዎ እሱ ነበር፤ ወንበርዎን ግን ማንም አልተቀበለዎትም።

፪ኛ. ሐኪሙ መድኃኒቱን በአግባቡ እንደሚወስድና መሥራት እንደሚችል ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ የሰጠውን ወረቀት ኮሚቴው ተመልክቶ፣ ገና ኪኒን የሚውጥ ሰው ገና አልዳነም ሲል በሙሉ ድምፅ ስለወሰነ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘመነችም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ “አይዞህ የኔ ልጅ፣ መድኃኒቱን ጨርሷል የሚል ወረቀት ብቻ አምጣልን” ስላሉት እግዜር ይስጣቸው። እኔ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የእድር ኮሚቴ ሕክምና እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር።

፫ኛ. ልጄ ታዛዥ ነው። ማክሰኞ አልጋውን ሳነጥፍ የአሥራ አንድ ቀን ኪኒን በካልሲ ውስጥ ተቋጥሮ አገኘሁ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ “አባዬ፣ ካልጨረስኩ ቁልፉን አይሰጡኝም” አለኝ።

ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ትቻለሁ። ትናንት ምሳ እየበላን ራዲዮኑን ዘጋና እነዚህ ሰዎች ስሜን ለምን ያነሱታል ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። የሚወራው ስለ ስንዴ ነበር። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ በዚህ ሠፈር የምታወቀው በግትርነቴ እንጂ በፍርሃቴ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ግን በፍርሃት ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ኪኒኑን ከመጀመሩ በፊት ሕመሙ ሲነሳበት ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሳንሱሲ፣ ወንዝ ዳር፣ ባዶ እግሩን፣ ቆስሎ አገኘሁት። እኔን አባቱን ሲያየኝ ሮጠ። ያኔ ተከትዬው ሮጬ ያዝኩት። አሁን ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አልደርስበትም።

ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ኪኒኑን ይጀምር ብሎኛል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ እሱ የሚጠብቀው የእኔን ሳይሆን የእርስዎን ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ኪኒኑን እየዋጠም ሥራው የእሱ መሆኑን በአንደበትዎ እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። ባዶ እጅዎን አይምጡ፤ ቁልፉን ይያዙ።

በወንበርዎ ከፍታ ልክ የማከብርዎ፣ ለማንም አጎንብሶ የማያውቅ፣ ዛሬ ግን ያጎነበሰ አባልዎ፣

መሸሻ አምላኩ

ማስታወሻ፦ እድራችን ሰው ሲሞት ከዘመድ ቀድሞ እንደሚደርስ በየትም ቦታ እመሰክራለሁ። ለልጄ ድንኳን ለመትከል የምትፈጥኑትን ያህል፣ ልጄ ድንኳን እንዲተክል ለመፍቀድ ብትፈጥኑ ምንኛ ደስ ባለኝ።