በጣራሽ ላይ ቆርቆሮ መቱበት

ሙሉዬ፣ ባለሽበት ዕረፍት ይሁንልሽ።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ጊዜ ያሽራል፣ በርታ» ይለኛል። በርትቼም ደክሜም አየሁት፤ የሻረ ነገር የለም። ዛሬ የምጽፍልሽ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። ሙታን ከማን ምን እንደሚሰሙ ባላውቅም። አንቺ በሠራሽው ጤና ጣቢያ ጣራ ላይ ቆርቆሮ መቱበት።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርሽ። እናትሽ አሁንም ከኔ ጋር ናቸው። ወንድሞችሽ ወደ አገር ቤት ሊወስዷቸው መጥተው ነበር፤ «ልጄ ከሠራችው ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለው መለሷቸው። ትዝ ይልሻል፣ ይህን ቤት ሠርተን የገባን ሰሞን ግድግዳውን እየዳበሱ «ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ሣጥን?» ያሉሽ? አንቺም «ሣጥን ነው እማዬ፤ ውድ ዕቃ የሚቀመጠው የት ነው?» ብለሽ አሳቅሻቸው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያንን ሳይናገሩ አይውሉም ነበር። አሁን አይናገሩም። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከጉልበታቸው የባሰ ደግሞ አሳባቸው። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ይቀመጡና «ሙሉ ከሥራ አልገባችም?» ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን እነግራቸው ነበር። በነገርኳቸው ቁጥር ገና ዛሬ እንደተረዱ ሆነው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያለቅሱ እያየሁ አልቻልኩም። አሁን «ትገባለች እማማ» ነው የምላቸው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አንቺም ብትሆኚ ከዚህ ሌላ የምትያቸው አይኖርሽም።

ፊት ለፊታችን የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሰው ቤት ሠርቶበታል። ከመኝታ ቤታችን የእንጦጦ ተራራ አይታይም። እኔ ዊንጌት አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት አልለቀቅኩም። ጂኦግራፊ ማስተማር ላይ ነኝ፤ ስለ ወንዞችና ስለ ዝናብ እናገራለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ደወል ሲደወል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በቃ፣ ኑሮዬ ይኸው ነው።

የተገናኘንበት ሠርግ ትዝ ይለኛል። ያልታሰበ የጥር ዝናብ ወርዶ ድንኳኑ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት በላይ ውሃ አቁሮ ነበር። ሁሉም ሽቅብ እያየ ሲጨነቅ አንቺ ዣንጥላዬን ከእጄ ወስደሽ፣ ወንበር ላይ ወጥተሽ፣ ድንኳኑን በዳር በኩል ቀስ አድርገሽ ገፋሽው። ውሃው ማንንም ሳይነካ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ዣንጥላዬን ስትመልሺልኝ «ውሃ መንገዱን ካላሳዩት የሚወርደው በሰው ላይ ነው» አልሽኝ። አንድ ሽማግሌ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባሕር ማዶ የሕንፃ ሥራ ተምራ የመጣችው ናት አሏቸው። «ቤት መሥራት የወንድ ነው፤ እሷ ምን ትሠራለች?» አሉ። አንቺም ጎንበስ ብለሽ በአክብሮት «ወንዶቹ የተከሉትንማ አሁን አየነው አባባ» አልሻቸው። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። እኔ በዚያች ደቂቃ አለቀልኝ።

ቢሮሽ ግን እንደዚያ ሽማግሌ አልነበረም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነሽና ሌሎች የነደፉትን በቀለም እንድትደግሚ ብቻ ነበር የሚሰጡሽ። ማታ ስትገቢ ጣቶችሽ ጠቁረው ትገቢ ነበር። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብርሃን ከግድግዳው አናት በኩል የሚገባበት ቤት ነድፈሽ፣ ከነሱ ጋር እየተቀመጥሽ ስንት ቅዳሜ ደከምሽበት! «ሸማኔ ጎጆ ይበቃዋል» ብለው መለሱልሽ። ለአዲሱ ገበያም ዝናብና ፀሐይ የሚከልል ረጅም ዳስ ነድፈሽ ነበር፤ እሱም ቀረ። ተስፋ የቆረጥሽ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ልጃችን መጣች። ስለሷ ብዙ አልጽፍም። የወለድሽበት ሆስፒታል ሞልቶ ኖሮ አልጋሽን መተላለፊያው ላይ አድርገው ፊትሽን ወደ ግድግዳ አስተኙሽ። እኔ ከውጭ በር ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ነበር፤ ለአስታማሚ የሚሆን መጠለያ አልነበረም። ልጅቱ ክርስትና ሳትነሣ ሄደች። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገርሽው፦ «ዓይኔ የሚያርፍበት አንድ መስኮት እንኳ አልነበረም።» ከሰነበትሽ በኋላ ወረቀት አንሥተሽ መሣል ጀመርሽ። ልቅሶሽ ያ መሆኑ የገባኝ ቆይቼ ነው።

ያንን የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ እንዴት እንዳስፈቀድሽው ዛሬም ይገርመኛል። እየተመላለስሽ፣ ደጅ እየጠናሽ፣ እየተከራከርሽ። ድንጋዩን ከእንጦጦ ሥር አስወጣሽ። መስኮቶቹን ዝቅ አድርገሽ ከአልጋው እኩል አወጣሻቸው፤ የተኛችዋ ሴት ራሷን ሳታነሣ ተራራውን እንድታይ። ዙሪያውን ለአስታማሚዎች ሰፊ በረንዳ ሠራሽላቸው። ኮንክሪቱንም ሳታስለስኚ ተውሽው። አንድ ሹም ሊጎበኙ መጥተው «መልካም ነው፤ ልስኑ መቼ ያልቃል?» ሲሉሽ «ልስን የለውም ጌታዬ፤ ሳይኳኳል ፊቱን ታጥቦ ብቻ የወጣ ቤት ነው» አልሻቸው።

ጣራውንም ጠፍጣፋ አደረግሽው። ያፈሳል ያላለ ሰው አልነበረም። አንቺ ግን ዓይን የማያየው ተዳፋት ሰጥተሽው፣ ዙሪያውን አሸንዳ አዞርሽለት። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ከቀሚስሽ ሥር የኔን ሱሪ ታጠልቂና መሰላል ላይ ወጥተሽ፣ የግቢውን ዘበኛ አስከትለሽ፣ በዙሪያው ካለው ባሕር ዛፍ የረገፈውን ቅጠል ከአሸንዳው ታስጠርጊ ነበር። የገበያ ሴቶች «የመምህሩ ሚስት ዛሬም ጣራ ላይ ወጣች» እያሉ ይሥቁብሽ ነበር። አንቺ በሕይወት ሳለሽ በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

የምረቃው ዕለት ግን ከጉሮሮዬ አይወርድም። ሹማምንቱ የቢሮሽን አለቃ፣ ፈረንጁን፣ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። እሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ አንቺ አመለከተ። እነሱ ግን አስተርጓሚው መሆንሽ መሰላቸውና «ምስጋናችንን ተርጉሚለት» አሉሽ። ሰው በተሰበሰበበት መሐል ቆመሽ የገዛ ሥራሽን ምስጋና ቃል ሳታጎድዪ ለሌላ ሰው ተረጎምሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ ልጮህ ነበር፤ በዓይንሽ ከለከልሽኝ። ቤት ስንገባ ለእናትሽ እየሣቅሽ ነገርሻቸው። ሣቅሽ ግን አላቆም አለ፤ በመሐል መልኩ ተለወጠና እናትሽ ጭንቅላትሽን ደረታቸው ላይ ይዘው «በቃ፣ በቃ ልጄ» ሲሉሽ አመሸን።

ከዚያ በኋላ ያ ክፉ በሽታ መጣ። የሆስፒታሉን ቀናት ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔም አልረሳኋቸውም። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» አልሽኝ፤ ወሰድኩሽ። ከፋሲካ በኋላ፣ ጠዋት፣ እናትሽ እጅሽን እንደያዙ ሄድሽ።

በዚያው ግንቦት፣ ጥቁሬን ሳላወልቅ፣ መሰላሉን ተደግፌ ጣራሽ ላይ ወጣሁ። ዘበኛው ከሥር ይዞልኝ እያለቀሰ፣ እኔ ከላይ ቅጠሉን እያፈስኩ፣ አሸንዳውን አጸዳነው። ያ ክረምት በሰላም አለፈ። በዓመቱ ግን አዲስ ኃላፊ መጥቶ ኖሮ «የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ያልሆነ ሰው ጣራ ላይ አይወጣም» ብሎ ከበር መለሰኝ። እንግዲያውስ እናንተ አስጠርጉት ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ማንም አልወጣም። ነሐሴ ላይ አሸንዳው ተደፍኖ ውሃው ማዋለጃው ክፍል ገባ።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። ባለሙያ ተብለው የመጡ ሰዎች አይተው፣ ጠፍጣፋ ጣራ ላገራችን አየር አይስማማም፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው ብለው ፈረዱ። ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ጣራው ጤነኛ መሆኑን፣ የጎደለው መጥረጊያ ብቻ መሆኑን ነገርኩት። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ ነበር። «መምህር፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አለኝ። «እኔ ግን የማክመው ሰው ነው እንጂ ጣራ አይደለም። አራስ ሴት ላይ ውሃ ሲወርድ ዝም ብዬ ልይ?» አንቺ ብትኖሪ ትመልሺለት ነበር። እኔ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ስወጣ መስኮቶቹን አየኋቸው። ሌባ ገባ ብለው እስከ ግማሽ በብሎኬት ደፍነዋቸዋል። በረንዳውንም በጣውላ ከልለው ዕቃ ቤት አድርገውታል። አስታማሚዎቹ አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

ቆርቆሮውን ሲመቱ ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ሠራተኞቹ ጣራሽ ላይ እንጨት ማግረው ከበላዩ ይቸነክራሉ። አሠሪው «አባባ፣ ራቅ ይበሉ፣ ምስማር ይወድቅብዎታል» አለኝ። ይህን ቤት ማን እንደሠራው ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ፈረንጅ ነው አሉ» አለኝ። «ባለቤቴ ናት፤ ሙሉእመቤት ተሰማ ትባላለች» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ከላይ ያሉት ሁሉ መዶሻቸውን ይዘው ዘወር ብለው አዩኝ። አሠሪው «እሺ አባባ፤ ግን ራቅ ይበሉ» አለኝ። መዶሻው ቀጠለ።

ቤት ስገባ እናትሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝና አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ዛሬ የሙሉን ሥራ አይቼ መጣሁ» አልኳቸው። እንደ ወትሮው አልገባችም ወይ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «የማንን?» አሉኝ። «የሙሉን» አልኳቸው። «የሙሉእመቤትን።» ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ስሙን በአፋቸው አንዴ ደገሙት፤ እንደ ባዕድ ስም። ከዚያ ደግ ፊታቸው በራ አለና «ልጅህ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው ሙሉዬ? አዎ አልኳቸው።

«እግዜር ያሳድግልህ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት አንቺን የማውቅሽ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ሥራሽ ይቆያል፣ ትውልድ ያስታውሰዋል ብዬ አልዋሽሽም፤ አንቺ ውሸት አትወጂም ነበር። ከኔ በኋላ ያንን ድንጋይ አይቶ ስምሽን የሚጠራ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። ግን ትንፋሼ እስካለች ድረስ ስምሽን ከነአባትሽ ስም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ማንም ባይሰማኝም እናገራለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል የምገባበት አቅም የለኝም።

ባለቤትሽ
ደምሴ
ጉለሌ