ሀዋኒ ቆማ የጻፈችው ፈተና

ሮቤ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀዋኒ አባት፣ ለረጋሳ
ደሎ መና

አካም ጂርታ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ጭቃው ብቻ ደጃፍ ድረስ መጥቶብናል። ስልክ ላይ ከጀመርን መጨረሻችን ጭቅጭቅ ስለሆነ፣ ሳታቋርጠኝ እንድትሰማኝ ብዬ ጻፍኩልህ።

ልጅህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨረሰች። ያቺ «በዚህ ጀርባዋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አትቆይም፣ ትምህርቱ ይቅርባት» ብለህ ከኔ ጋር ተጣልተህ የወጣህባት ልጅ።

ከፋሲካ በኋላ ጎባ ወስጃት ነበር። ፌበን የምትባል ፊዚዮቴራፒስት የእጅ ስልክ የምታክል ማሽን ሰጠቻት። ሁለት ሽቦ አላት፤ ጫፋቸው እንደ ፕላስተር ከተጣመመው የጀርባዋ አጥንት ግራና ቀኝ ይለጠፋል። ኮረንቲ ነው ስትለኝ «ልጄን ልታቃጥያት ነው?» ብያት ሳቀችብኝ። ለካ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ቆዳ ላይ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል እንጂ አይጎዳም። «አጥንቱን አያቃናም፤ ሕመሙን ያደበዝዛል፣ እሱም ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም» ብላ በግልጽ ነገረችን። ሀዋኒን ግን ረዳት። ግማሽ ሰዓት ካደረገችው ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ታጠናለች።

እንግዲህ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስልክ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ምንም አይገባም። በር ላይ፣ የሴቶች መፈተሻው ድንኳን ውስጥ፣ ማሽኑን ሲያዩት ጉድ ሆነ። ፈታሿ፣ ጤቤ ይሏታል፣ ሽቦውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «መልስ መቀበያ ነው?» አለች። ፌበን ማኅተም አድርጋ የጻፈችልንን ወረቀት ብሰጣት «እናቴ፣ ማኅተም እኮ ዘንድሮ ገበያም አይጠፋም» አለችኝ። እኔ ልመና ጀመርኩ።

ሀዋኒ በክርኗ ገፋ አደረገችኝና ያንን አንተ የገዛህላትን ሻል አወለቀች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በበጋም በክረምትም ከላይዋ ያልወረደውን። ሸሚዟን ከኋላ ገልባ ለሴትዮዋ ዞረችላት፤ የተሰለፉት ልጃገረዶች ሁሉ እያዩ።

«እትዬ ጤቤ፣ ይኸው፣ የምኮርጀው ከዚህ ነው» አለቻት።

ከዚያ ጤቤ ራሷ ሳቋ መጣ። ሀዋኒም የሴትዮዋን ክንድ ይዛ ፕላስተሩን ለጠፈችላትና አበራችው። «ያ ረቢ፣ ይሄ ነገር ለኔ ወገብ እስካሁን የት ነበር?» አለች ጤቤ፣ እጇን እያየች። አስተባባሪው ተጠርቶ መጣ፤ ማሽኑ ፈተናው ክፍል አይገባም፣ ግቢው ውስጥ ካለችው ነርስ ጋ ይቀመጥና በምሳ ሰዓት ትጠቀምበት ተባለ።

ሦስተኛው ቀን ሒሳብ ነበር። እንደነገረችኝ፣ ገና ግማሹን ሳትደርስ ጀርባዋ እንደ ጋለ ብረት ሆነባት። ማሽኑ ነርሷ ጋ ነው። የዱሮዋ ሀዋኒ ብትሆን ወረቀቱን አስረክባ ወጥታ ነበር። እጇን አወጣችና «ቆሜ ልጻፍ» አለች። ከፊት ካለው መስኮት በቀር የምትደገፍበት አልነበረም፤ እዚያ ደፉ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ጀርባዋን እያየ፣ ደወሉ እስኪደወል ጻፈች።

«ስንቱ አየኝ መሰለሽ፣ እማ» አለችኝ፤ «ከዚያ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ለካ የኔ ጀርባ ከሒሳብ አይከብድም።»

ሰፈሩን በዚህ ወሬ አሰልችቻለሁ። ጎረቤቴ አሰፋች ገና ስታየኝ «ዛሬ ከመስኮቱ ጀምሪ፣ የድንኳኑን ጨርሰናል» ትለኛለች።

አልተቀየምኩህም። አንተም የፈራኸው ለሷ ነው።

ውጤቱ ገና ነው። ሲመጣ፣ ብታልፍም ባታልፍም፣ በስልክ አልነግርህም፤ ሀዋኒንም እንዳትነግርህ አስምያታለሁ። በሪራ መንደር በኩል ወደኛ የሚወጣው አውቶቡስ እንደምታውቀው ጠዋት ነው የሚነሳው። ለመንገዱ ብርድ ጃኬትህን ብቻ ያዝ፤ ሌላው ልብስህ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ሰሞኑን አጥቤ ተኩሼዋለሁ።

የሳነቴን ተራራ ጉም በሰላም የሚያሻግር አምላክ ካንተ ጋር ይሁን።

የሀዋኒ እናት
ሠርከአዲስ