ከእንግዲህ በር አልጠብቅም

ለውድ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፈልሽው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ንዋይም ሰላም ብሎሻል። እንደተቀየምሽው አልነገርኩትም።

በስልክ ብናወራ ወይ አንቺ ታለቅሻለሽ ወይ እኔ እጮኻለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ብቻሽን አንብቢው። ለእህቴ ለሄዋን ማሳየት አለማሳየቱ ያንቺ ፋንታ ነው።

ሄዋንን ለልጃቸው ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ስለ እኛ ሲያነሱብሽ፣ አሜሪካ ያለችው ልጄ ቢሮ ትሠራለች፣ ባሏም ዶክተር ነው አልሻቸው። የልጁ አጎት አቶ ብዙነህ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ኦሮራ፣ እንደሚኖሩ ምነው ሳትጠይቂ ቀረሽ! እሑድ ከቸርች ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ጠብቀው ንዋይን ያዙት። ዶክተር፣ እንግዲህ ዘመድ ልንሆን አይደል ብለው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ያበጠ እግራቸውን አሳዩት። ንዋይ አስፋልቱ ላይ በርከክ ብሎ አየላቸው። ከዚያ፣ አባቴ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ግሌንዴል ሰፈር አዛውንት የማጥብና የማበላ ኬርጊቨር ነኝ፣ ይህን እግር ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው አላቸው። ወደ እኔ ዞረው ያንቺስ ቢሮ የት ነው አሉኝ። ዴንቨር፣ የአውቶቡስ ጋራዥ፣ ከሞተሩ ሥር፣ አልኳቸው። ሱሪያቸውን ወደ ታች መልሰው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ወሬው ደርሶሽ ማክሰኞ አንቺ ደወልሽ። ቀልዳችን ነው በሏቸው፣ አለዚያ የእህትሽ ሠርግ መፍረሱ ነው አልሽኝ። ወንዱ የሰው ገላ እያጠበ ሴቷ ግሪስ እየተቀባች፣ ምን ጉድ ነው፣ የማን ልጅ ልትባይ ነው አልሽ።

አልልም እማዬ። ቀልድ አይደለማ!

አንድ ነገር ልንገርሽ። ቅዳሜ ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፤ መምህራችን የአንዲት የእንግሊዝ ከተማ የሕዝብ ቆጠራ ቅጂ አደለችን። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ከተማዋ በጥጥ ፋብሪካ የምትኖር ነበረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ይላል። ሥራ የሚለውን ወደ ታች ሳነብ ክው አልኩ፤ ፈታዩ ወንድ፣ ሸማኔዋ ሴት! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ሽሮ ሜዳ እንዝርት የያዘ ወንድ መሳቂያ ነው። የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ የገባች ሴትማ ስሟ አይጠራም። እዚያ ግን መንግሥት በቀለም ጽፎታል፣ ማንም አላፈረበትም። የብዙዎቹ ሚስቶች ሥራ ግን ባዶ ነበር። ሰባት ልጅ ባሳደገችዋ ሴት ስም ፊት ለፊት ምንም የለም። በጣም ተናደድኩ። እስክሪብቶ አንስቼ ልሞላው ምንም አልቀረኝ።

ያን ጊዜ የቤታችን ደፍ ትዝ አለኝ። የአባዬ ዓይን ሰው ከሰው አልለይ ባለው ዓመት፣ በሩን በቀን ከውስጥ ትቀረቅሪና እኔን ደፉ ላይ ታስቀምጪኝ ነበር። ሰው ከመጣ አባዬ ሥራ ላይ ነው በይ ትይኝ ነበር። እኔም እል ነበር። የሽመናው መወርወሪያ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ማን ይጠረጥራል? አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። አባዬ ቁና ጥጥ አጠገቡ አድርጎ፣ እንዝርቱን ጭኑ ላይ እያሾረ ነበር። አንቺ ጉድጓዱ ውስጥ ስለነበርሽ ከወገብሽ በታች አላየሁሽም።

የዚያ ዓመት ጥለት ከሁሉም ያምር ነበር። ነጋዴዎቹ ሲመጡ አባዬን እጅህ ይባረክ ይሉታል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ አንቺ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። አባዬ ካረፈም በኋላ የእግርሽ ጣቶች መሃል ያለው ጠባሳ አልጠፋም። የሽመናውን መርገጫ ገመድ ምን ያህል ብትረግጪው ነው? ዓይነ ስውር ባልሽን አጠብሽው፣ አበላሽው፣ ቤቱንም አቆምሽው። የማን ልጅ ልትባይ ነው ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።

ምስጢርሽን ከእኔ አፍ ማንም አይሰማውም። በርሽን ብትከፍቺው ደስ ይለኛል፣ ካልከፈትሽውም አልቆጣሽም። ግን ከእንግዲህ ደፍ ላይ ተቀምጬ የምዋሽ እኔ አይደለሁም። ስድስት ዓመቴ አይደለም እማዬ።

አቶ ብዙነህ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ደውለው ምን እንዳሉ ግን አላውቅም። ጥር ላይ እኔና ንዋይ እንመጣለን። ሥራችንን ለጠየቀን ሁሉ ሳንሽኮረመም እንነግራለን። በዚህ የሚቀር ሠርግ ከሆነ ዛሬውኑ ይቅር፤ ሄዋን ዕድሜዋን ሙሉ በር ስትጠብቅ ከማይ አብሬያት ባለቅስ ይሻለኛል።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ለአባዬ ሲሰጥ የሰማሁትን ምርቃት ለባለቤቱ መልሻለሁ፤ እጅሽ ይባረክ፣ እግርሽም ይባረክ።

የሸማኔዋ ልጅ