የመስመር ሰማንያ ስምንት ጉዳይ

ይድረስ ለውድ የጠረጴዛ ጎረቤቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ፣ ያ ተሽከርካሪ ወንበርሽ ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ ጎማው ወልቆ ከሥራ መሰናበቱን ነው። ሽኝቱም እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ድረስ በደመቀ ሁኔታ ተከናውኗል። አንቺስ እንዴት ነሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደስታ በቀር የሚያመኝ የለም። ምክንያቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

አለቃችን ይታያል (ስሙን ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ፤ ዛሬም የተነገራቸውን ሁሉ "ይታያል" ይላሉ) አዲስ የኮድ መርማሪ ፕሮግራም አስመጡ። ኮዱን ሳያስነሳ፣ እንዲሁ መስመር በመስመር እያነበበ ስህተት የሚለቅም ነው። ማክሰኞ ያንቺን ሞጁል፣ የሆስፒታል ቀጠሮ የሚይዘውን የፕሮግራም ክፍል፣ ሰጠነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ግኝት ይዞ መጣ። ይሄ ስም ረዘመ፣ እዚህ ጋ ክፍት ቦታ በዛ፣ ይሄን ማንም አይጠራውም፣ ለምን ተቀመጠ? ፕሮግራም ፈታሿ ጓደኛችን "ኧረ ይሄ ነገር መርማሪ ነው አማት?" አለች። ሦስት መቶ አሥራ አንዱ እንዲህ ያለ ንዝንዝ ነው።

አንዱ ግን ቀይ ነበር። መስመር ሰማንያ ስምንት፤ ስልክ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ታካሚ ሲመጣ ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ እንደ ቁጥር ሊያነብ ይሞክርና ይወድቃል። ከታካሚው በኋላ ያሉትም ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። አዎ፣ የዚያ ቀን ጥፋት ይሄ ነው። አርባ ሰው "ቀጠሮ የለህም" ተብሎ ከሆስፒታል በር የተመለሰበት፣ አንቺም "ሞጁሉ የኔ ነው" ብለሽ መልቀቂያሽን የጻፍሽበት።

ታዲያ የድሮው መርማሪ ፕሮግራማችን እንዴት አላየውም? አይቶት ነበር። ከመስመሩ በላይ አንድ ሰው "እዚህ ዝም በል" የሚል ትእዛዝ ጽፎበታል። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ሁላችንም የምናደርጋትን ታውቂያለሽ፤ "ለጊዜው ነው" ብለን አፉን እናስይዘውና እንረሳዋለን። አዲሱ ግን ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ቀኑንም አወጣው። መስመሩም ትእዛዙም የገቡት አንቺ እናትሽን ልታስታምሚ በሄድሽበት፣ እኔ ሥራሽን ደርቤ በያዝኩበት ሳምንት ነው። አንቺ የለሽበትም።

ሪፖርቱን አትሜ እየሮጥኩ ይታያል ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው አነበቡ። "ይቺን ልጅ እኮ በከንቱ ነው ያስከፋናት" አሉ። "ይታያል" አላሉም፤ ምስክር አለኝ፣ ጸሐፊያቸው ሰምታለች። የመመለሻ ደብዳቤሽ ነገ ይፈረማል። መስመሩን ማን እንዳስገባው ሲጠይቁኝ፣ የገባው ሁላችን በምንጠቀምበት የጋራ የመግቢያ መለያ ስለሆነ ማን እንደሆነ አልታወቀም አልኳቸው።

ሰኞ ነይ። የቁልፍ ሰሌዳሽን ፍርፋሪ አራግፌልሻለሁ፤ አንድ ሙሉ ብስኩት ይወጣዋል። ፈታሿም "እሷ ካልመጣች ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ለማን ልጫን?" እያለች ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ከቀይ መስመር ሁሉ ይሰውርሽ።

የጠረጴዛ ጎረቤትሽ

እርማት፦ ከላይ በዚህ ደብዳቤ "ማን እንደሆነ አልታወቀም" የተባለው፣ "ከመጀመሪያውም ይታወቅ ነበር" ተብሎ ይነበብ። ወንበርን በሚመለከት፣ አዲስ ማስገዛት አያስፈልግም፤ ከሰኞ ጀምሮ የእኔ ባዶ ነው።

ግልባጭ፦ ለይታያል