በጾም ጣፋጭ ውስጥ የተገኘ ቅቤ

ውድ ወንድሜ ባኩም፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? የኩዌት ሙቀት ሊጀምር ነው ይላሉ፤ ውሃ ትጠጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ ብቻ ነው የምትኖረው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማማ ጉልበት ሐኪም እንጂ ቅዳሴ አይፈራም፤ ቤት ውስጥ ያቃስታሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሁላችን በላይ ይቆማሉ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ሲጮኽ ቀድመው የሚነጥቁት አጎታችን ናሺድ ስለሆኑ ነው። እሳቸው አጠገቤ ቆመው የሚወራ ነገር አይደለም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አጎታችን ከአዲስ ነጋዴ የአትክልት ቅቤ ገዝተው ለጣፋጭ ሱቃችን አመጡ። አባባ የጾሙን ጣፋጭ፣ ባስቡሳውን፣ በእሱ ሠሩት፤ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም ተባለ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እኛ ሆነ። አጎታችንማ ያን ሰሞን መሬት አልበቃቸውም። እኔም አንድ ትሪ ሙሉ ይዤ እጮኛዬ ባሲሊ ቤት ሄድኩ። እናቱን ኡም ባሲሊን ታውቃቸዋለህ፤ በእሳቸው ቤት ጾም ከገዳም ይጠብቃል።

ማታውኑ የባሲሊ ታላቅ ወንድም ልጅ ትንሹ ሚካ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ቤት ገባ። ከተወለደ ጀምሮ የላም ወተት ያለበት ነገር አይስማማውም። እግዚአብሔር አተረፈው። ግን በጾም ወተት ከየት መጣ? ኡም ባሲሊ ጣታቸውን የቀሰሩት በልጁ እናት በኢሪኒ ላይ ነው። የካይሮ ልጅ ናት፣ ድሮም ጾም ይከብዳታል፣ ተደብቃ አይብ ስትበላ ልጁንም አቅምሳዋለች አሉ። ብትምል ብትገዘት የሚሰማት ጠፋ። የገዛ ባሏ እንኳ አኮረፋት።

ባሲሊ ሱቅ መጥቶ ይህን ሲያወራ አባባ ማማሰያውን አስቀመጡ። ልጁ ምን በልቶ ነበር ብለው ጠየቁት። ባቄላና የእናንተን ባስቡሳ ብቻ አላቸው፣ ምንም ሳይጠረጥር። አባባ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ነጋዴው ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው ስቆ፣ ለጣዕም ትንሽ የላም ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ፣ ማን ያውቃል ብሏቸዋል።

እንግዲህ የማላዊን ከተማ ግማሽ ሰው ጾም ያስገደፍነው እኛ ነን ማለት ነው።

አጎታችን ዝም አይነቅዝም አሉ። ቅቤውን ለውጠን ዝም እንበል፤ ሆሳዕና ሊደርስ ነው፣ የታዘዘው ሁሉ ይቀራል፣ የልጅቷም ጋብቻ ይፈርሳል ነው ነገራቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ባሲሊን እወደዋለሁ። ቄሳችን አቡና ሳይቀሩ፣ ሳያውቅ የበላ አልገደፈም፣ አትጨነቁ ብለው አጽናንተውናል።

አባባ ግን ዱቄት የነካውን እጃቸውን ዘረጉልን። አንጓቸው ላይ ያለችውን የልጅነት የመስቀል ንቅሳት እያዩ፣ «የበሉትስ ንጹሕ ናቸው። እኔ ግን ኢሪኒ በእኔ ጥፋት ስትሰደብ እያወቅሁ በዚህ እጅ እንዴት አማትባለሁ?» አሉ።

መጀመሪያ ኡም ባሲሊ ቤት ሄደው ኢሪኒ ባለችበት ሁሉንም ተናገሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ኡም ባሲሊ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ኢሪኒ አለቀሰች። አባባ በማግስቱ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ሱቃችንን ዝንብም ረሳው። አንዳንዱ በበሩ ሲያልፍ፣ «ዛሬስ የላም ነው የፍየል?» ይለናል። አጎታችን ከእኛ ጋር መብላት ተዉ። የባሲሊም ድምፅ ጠፋ። ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፣ ባኩም፤ በአባባ ግን መቆጣት አልቻልኩም።

የሆሳዕና ዋዜማ ኢሪኒ ሚካን በእጇ ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። የማዶዎቹ ባለሱቆች አንገታቸውን አሰገጉ።

«አቡ ባኩም፣ ዛሬ በምን ሠሩት?» አለቻቸው አባባን።

«በሰሊጥ ዘይት፣ ልጄ። ሲጨመቅ ቆሜ አይቻለሁ።»

ትንሽ ቆርሳ ልጁን አጎረሰችው። አባባ ማየት አቅቷቸው ወደ ምድጃው ዞሩ። ብዙ ቆይተው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ጨምሩልኝ እያለ ነው አልኳቸው። በሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠርገው ሌላ ቁራሽ ቆረጡለት።

እማማ ጉንጭህን ስመውሃል፤ ስለ ጉልበታቸው የጻፍኩትን እንዳትነግራቸው። አባባ ጸሎትህን አትርሳ ብለውሃል። አጎታችን ናሺድም ትናንት ወደ ማዕድ ተመልሰዋል፤ ሰላምታቸው ይድረስህ። አብረውህ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልን።

አንድ ሰላምታ ቀርቶኛል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኡም ባሲሊ ዘንባባቸውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ አጠገቤ ቆሙ። «ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ፤ «ለሰርጉ ይምጣ። ለአባትሽም፣ ጣፋጩን ሌላ ሰው እንዳይሠራው በያቸው።»

እህትህ ፊብሮኒያ
ማላዊ፣ የሆሳዕና ማግስት፣ በቅብጥ አቆጣጠር ባርሙዳ 2 ቀን