ከጢኖ ጋር ተራራው ላይ

ታኅሣሥ 12

ሥራ ዋልኩ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር... መርፌ ወግቶኝ ያወቅሁት ጨርቁ ላይ ደም ሳይ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ነው፤ ጣቶችሽ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ» ብሎኛል። የቀረው እኔነቴስ? አልጠየቅሁትም።

የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤት ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ታሳየኛለች። «ይቺ ልጅ እኮ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው!» እልል ሊሉ ምንም አይቀራቸውም። እኔ ፈገግ እላለሁ። ዕጢው ጠፍቷል። ፀጉሬ በቅሏል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይደል? ታዲያ ምነው?

ታኅሣሥ 15

እማዬ «ምን ልሥራልሽ?» አለች። «ያገኘሽውን» አልኳት። ትናንትም እንደዚሁ።

ታኅሣሥ 18

ጢኖ መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ቁመቷ ከመሪው ብዙም አይበልጥም፤ ግን ያን የሚያህል የከተማ አውቶቡስ እንደ ብስክሌት ነው የምትነዳው። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ከፈረቃዋ ስትወጣ እየመጣች ስታስቀኝ የከረመች እሷ ናት።

«እሑድ ተራራ እንወጣለን።»

«በዚህ በረዶ? አብደሻል? በሙቀቱ ጊዜ እንኳ ወጥተን አናውቅ።»

«ለዚህ እኮ ነው። በሞቴ እሺ በይኝ።»

«በሞት አትቀልጂ።»

አፏን በእጇ ከደነች። ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ... ፊቴ ብቻ። እሺ አልኳት። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ታኅሣሥ 23

ትናንት ጣቶቼ አልጻፍ አሉኝ። ዛሬ ልሞክር።

እሑድ በጠዋት ወጣን። ጢኖ የወንድሟን ጫማ በድርብ ካልሲ፣ እኔ የእማዬን ካፖርት። ድንጋዮቹ ላይ በቀይ ቀለም የተቀባ ምልክት አለ፤ እሱን እየተከተልን፣ በረዶው ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ... ጫፉ ላይ ደረስን። ከተማው ከታች ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሰው እዚህ ሲደርስ ምን ይሰማዋል? ጢኖ ከተማውን ትታ የእኔን ፊት ታያለች። «ያምራል» አልኳት። የጠበቀችው ይህን አልነበረም መሰለኝ።

ስንወርድ ጉም መጣ። መንገዱ መስታወት ሆኗል። ጢኖ ከፊቴ ተንሸራተተች። ስደርስባት ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ተቀምጣለች። ልትነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም። ስልክ አይሠራም። ቀዩ ምልክት አይታይም።

ጓንቴን አውልቄ እግሯን በሻርፔ ጠፍሬ አሰርኩት። አልደነገጥኩም። ለካ ድንዛዜም ይጠቅማል። «ትከሻዬን ያዢ። ውረጂ ስልሽ ብቻ ውረጂ።» የተቀባ ድንጋይ እስካገኝ በረዶውን እየጠረግሁ፣ ሲብስም ሁለታችንም በቂጣችን እየተንፏቀቅን...

መሀል ላይ ማልቀስ ጀመረች። ጢኖ! ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«አመመሽ?»

«እግሬን ተይው! ያኔ ብትሞቺ እኔ ምን ልሆን ነበር?»

«ያኔማ ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሁለታችንም እናልቅስ? ከአንቺ ዘንድ ስወጣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ነበር የማለቅሰው።»

ክንዷን ይዤ አነሳኋት። «ነይ፣ ይመሽብናል» አልኳት።

ታች የአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እጄን ያየችው እሷ ናት።

«ጓንትሽስ?»

እላይ ረስቼዋለሁ። ጣቶቼ እንደ ሻማ ነጥተዋል።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አልተሰማኝም እኮ።»

ኮቷን ከፍታ እጆቼን ብብቷ ውስጥ ወሸቀቻቸው። እየተሳደበች። ደደብ! ጅል! ደርቀሽ ቅሪ! ትንሽ ቆይቶ ማቃጠል ጀመረ። እሳት። ጮህኩ።

«እሰይ!» አለች።

ያኔ እንባዬ መጣ። ከጣቴ ይሁን ከሌላ... እንጃ።

ታኅሣሥ 26

ጢኖን ጠየቅኋት። ስብራት የለውም፣ ወለምታ ነው። ሾርባ ይዤላት ሄጄ «ጨው የለውም» አለችኝ። ብታመሰግነኝ ነበር የሚገርመኝ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ምንም አልተሰማኝም። እንደ ድሮው። የመጠለያው ልቅሶ እዚያው ቀረ ማለት ነው?

ጥር 2

ከሐኪም ቤት ተደወለ። ሰኞ ነይ። ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ከዚህ በፊት ሲደውሉ «እሺ» ብዬ እዘጋው ነበር፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል። ዛሬ «ስንት ሰዓት?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ኩሽና ሄድኩ። እማዬ ድንች ትልጣለች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ፈራሁ።»

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ቀና አለች።

«ብቻዬን ስፈራ ከረምኩ እኮ» አለች። በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።