መሪው በማን እጅ ነበር

ውድ ዋርሳዬ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፍኩት እንዳይመስልህ፤ በገዛ እጄ ነው። ከማታ ትምህርት ክፍላችን እንደኔ የሚጽፍ የለም፤ መምህራችንም እኔ በሌለሁበት እንዲህ ሳይሉ አይቀሩም። ማንበብ መቻሌን የረገምኩት የክሱ ወረቀት የመጣ ቀን ነው። ድሮ ቢሆን ሌላ ሰው ያነብልኝና ግማሹን ረስቼ እገላገል ነበር። አሁን «ሰክሮ ተሽከርካሪ በመቆጣጠር» የሚለውን ራሴ አነበብኩትና ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በአካል እንዳልነግርህ ጭነት ይዘህ ወጥተሃል፤ በስልክ ብሞክር ደግሞ በቀልድ አድበስብሼ ዘጋሁት።

ሰኞ ችሎት አለን። ጠበቃው ያለውን ታውቃለህ፤ ትንፋሼን ቢለኩም፣ መሪው በእጄ እንደነበር ማስረዳት የከሳሽ ፈንታ ነው፤ ያየ ደግሞ የለም። ትራፊኩ ሲደርስ እኔ ግንባሬ አብጦ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንተም «ታክሲዋን ባዶዋን ነው የጎተትኩት፣ ማንም አልነበረባትም» ብለህ ልትምልልኝ፣ ጥፋቱን ወደ ራስህ ልታዞር ነው። ለእህትህ ብለህ መሆኑ አይጠፋኝም፤ መንጃ ፈቃዴ ከተነጠቀ ሚስቴም ልጆቼም ምን ይበላሉ?

ያን ቀን ታክሲዬ መጠጥ ቤቱ በር ላይ አልነሳ ብላኝ ስጠራህ አሽትተኸኝ ነበር። መሪ ልትይዝ አትችልም አልከኝ። እኔ አፈ ጮሌው ደግሞ፣ «ሞተሯ ከሞተ ሬሳ ናት፤ ሬሳ ስሸኝ ሞቅ ቢለኝ ማን ይቀየመኛል?» አልኩህ። ሳቅህ አመለጠህ፤ እየሳቅህ ታክሲዬን በገመድ ከመኪናህ ኋላ አሰርካት።

ከፊት ስለነበርክ ያላየኸውን ልንገርህ። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ላላ፣ ከዚያ ተወጥሮ ተበጠሰ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ድንጋይ ነው፤ ብረግጥ ብረግጥ አልያዘልኝም። አንድ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ መንገድ ያቋርጣል። ፍራሹ ጋርዶታል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ክላክስ ነካሁ፤ ባትሪውም ሞቷል። መሪውን በሁለት እጄ፣ በደረቴም ጭምር ጠመዘዝኩት። ፍራሹ መስታወቴን ዳብሶ አለፈ፣ እኔ መንገዱ ዳር ካለው ግንብ ጋር ተላተምኩ። ሰውየው ምን እንዳለፈው ሳያውቅ፣ በድምፁ ደንግጦ እርምጃውን አፍጥኖ ሄደ።

ላልሠራሁት ስንቱን ስፎክር ኖሬያለሁ። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰው አዳንኩ እንዳልል፣ ሰክሬ የመጣሁበት እኔው ነኝ። ባልጠጣ ኖሮ ገና ገመዱ ሲላላ የእጅ ፍሬኑን እስብ ነበር። ትዝ ያለኝ ግንቡን ከመታሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስከድን ታክሲዋ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ውስጧ፣ ልክ አንተ እንደምትምለው፣ ማንም የለም። ሰውየውም ፍራሹን ተሸክሞ መንገዱ መሃል ነው።

ስለዚህ አትማልልኝ። ሰኞ ሲጠይቁኝ «መሪው በእጄ ነበር» እላለሁ። እስር ቤቱን እፈራለሁ፤ የእህትህን ፊት ደግሞ ከእስር ቤቱ አብልጬ እፈራለሁ፣ አንተ ቀድመህ ንገራት። ብቻ ችሎቱ ላይ ከኋላዬ ተቀመጥ። ድምፄ ከጠፋ ጀርባዬን ነካ አድርገኝ።

ፉከራው ያለቀበት ዋርሳህ